በፓምፕ ኢንቨርተር ላይ ለጊዜው ግፊት የሚጨምር ቁልፍ እንዴት ይዋቀራል? (ጎንደር፣ 5.5 ኪሎዋት)

ማራኪ ጥገና — ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እንደምን አመሻችሁ። ጎንደር ውስጥ ዳገት ላይ በተሠራ ባለአራት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ የኤሌክትሪክና የውሃ ጥገና እሠራለሁ። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ምድር ቤት ባለው 20,000 ሊትር ታንከር እናጠራቅማለን፤ ከዚያ አንድ ፓምፕ በቀጥታ ወደ ክፍሎቹ ይገፋል። ጣሪያ ላይ ሮቶ የለንም። ሞተሩ 5.5 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ 11 አምፔር፣ ባለ 2 ፖል ነው። ኢንቨርተሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) የኤቢቢ ኤሲኤስ 580 ሲሆን ፓምፑ መውጫ ላይ ከተገጠመው የግፊት ሴንሰር እያነበበ ግፊቱን 3 ባር ላይ ይጠብቃል።

ችግሩ ጠዋት ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ድረስ እንግዶች በአንድ ጊዜ ሲታጠቡ አራተኛ ፎቅ ላይ ሻወሩ ይደክማል። ቀኑን ሙሉ ግፊቱን ከፍ አድርጌ መተው አልፈልግም፤ ያረጁ ፍሌክሲብል ቱቦዎች አሉ፣ የመብራት ወጪውም ይጨምራል። የምፈልገው እንግዳ መቀበያው ጋ አንድ ቁልፍ ተደርጎ፣ ሠራተኛዋ ስትጫነው ግፊቱ ለ20 ደቂቃ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው በራሱ እንዲመለስ ነው።

አንድ የማውቀው ባለሙያ «ቡስቱን ከፍ አድርገው» ስላለኝ፣ እሱ ቶርክ ቡስት ብሎ የሚጠራውን፣ በዚህ ኢንቨርተር ማስተካከያ (ፓራሜትር) ቁጥር 97.13 ላይ አይአር ኮምፐንሴሽን ተብሎ የተጻፈውን፣ ከፋብሪካ ከመጣበት ቁጥር ወደ 10 በመቶ አወጣሁት። ግፊቱ ምንም አልጨመረም። ይልቁንም ሞተሩ ሲነሣ ማጉረምረም ጀመረ፣ ትናንት ጠዋት ደግሞ ኢንቨርተሩ ኦቨርከረንት (አምፔር በዛ) ብሎ ቆመ። ጥምቀት እየደረሰ ነው፤ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ አንድም ክፍል ባዶ አይሆንም። የምታውቁ ሰዎች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የአዘዞ ድራይቭ — ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሌላውን ሁሉ ከመነጋገራችን በፊት 97.13ን ዛሬውኑ ወደነበረበት ይመልሱት። ባለሙያው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ «ቡስት» የሚለው ቃል በኢንቨርተር ዓለም ለሦስት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ስለሚያገለግል ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

የመጀመሪያው እርስዎ የነኩት ነው። ኢንቨርተሩ ለሞተሩ የሚሰጠው ቮልት ከሄርዙ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። 380 ቮልት ለ50 ሄርዝ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሄርዝ 7.6 ቮልት ይደርሰዋል፤ ስለዚህ በ5 ሄርዝ 38 ቮልት ብቻ ነው የሚኖረው። ከዚህ ጥቂት ቮልት ላይ የጥቅልሉ ሽቦ ተቃውሞ የራሱን ድርሻ ስለሚበላ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ቶርክ ቡስት የሚባለው ይህን ጉድለት ለመሙላት በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ብቻ ቮልት የሚጨምር ነው። ሸክም ተጭኖበት ለሚነሣ ማጓጓዣ ቀበቶ ወይም ለወፍጮ ይጠቅማል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ግን በግማሽ ፍጥነቱ የሚፈልገው የማዞሪያ ጉልበት የሙሉውን አንድ አራተኛ ነው፤ ሲነሣ ከሞላ ጎደል ባዶውን ይነሣል። በማያስፈልገው ቦታ ቮልት ሲጨመርበት የሞተሩ ብረት በመግነጢስ ይጠግብና ተጨማሪው ሁሉ ወደ ሙቀትና ወደ አምፔር ይለወጣል። ማጉረምረሙም ኦቨርከረንቱም የመጡት ከዚያ ነው።

ሁለተኛው የእንቅልፍ ቡስት ነው። ውሃ የሚቀዳ ሰው ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ፓምፑን ከማቆሙ በፊት ግፊቱን ለጥቂት ሰከንድ ከፍ አድርጎ ቧንቧውንና የግፊት ጋኑን ይሞላል፤ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሣ ይረዳል። ይህም የእርስዎ ጥያቄ አይደለም።

እርስዎ የሚፈልጉት ሦስተኛውን፣ በጊዜ የተወሰነውን ነው፤ ኢንቨርተርዎም አለው። እንዴት እንደሚሞላ ከመጻፌ በፊት ግን እባክዎ የሚከተሉትን ለክተው ይንገሩን፦ ውሃ በሚበዛበት ሰዓት ኢንቨርተሩ ስንት ሄርዝ፣ ስንት አምፔርና ስንት ባር ያሳያል? የመስመሩ ቮልት ስንት ነው? መውጫው ተዘግቶ ለአፍታ በ50 ሄርዝ ቢዞር ግፊቱ ስንት ይደርሳል? አራተኛ ፎቅ ላይስ? ፓምፑ ጠዋት ሙሉ አቅሙን እየሰጠ ከሆነ በቁልፍ የሚጨመር ነገር ስለሌለ መልሱ ሌላ ይሆናል።

ማራኪ ጥገና — ታኅሣሥ 20፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 97.13ን ማታውኑ መለስኩት፤ ማጉረምረሙ ጠፋ።

የለካሁት ይህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 46 ሄርዝ፣ 3.0 ባር፣ 8.1 አምፔር። መውጫውን ለአፍታ ዘግቼ በ50 ሄርዝ ሳዞረው 5.1 ባር ደረሰ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍቼ በ50 ሄርዝ ሲዞር 9.6 አምፔር ይወስዳል። አራተኛ ፎቅ ላይ ጌጅ ገጥሜ ነበር፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው በሌለበት 1.5 ባር፣ ጠዋት በሚጨናነቅበት ሰዓት 0.8 ባር ያሳያል። የመስመሩ ቮልት ጠዋት 365 አካባቢ ነው፤ ምሽት ላይ እስከ 350 ሲወርድ አይቻለሁ። ታንከሩ ከፓምፑ ጎን ስለሆነ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ ይገባል።

የአዘዞ ድራይቭ — ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

እንዲህ ያለ ልኬት ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ሥራችንን በግማሽ ያቀልልናል። ከቁጥሮቹ የማነበው እነሆ።

አራተኛ ፎቅ ከፓምፑ 15 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ 15 ሜትር የውሃ ዓምድ 1.5 ባር ያህል ስለሆነ፣ 3.0 ሲቀነስ 1.5 ከጌጅዎ ጋር ይገጥማል። ጠዋት 0.8 ሲሆን የጎደለው 0.7 ባር በቧንቧው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋ ነው። የሰበቃ ኪሳራ በፍሰቱ ካሬ ገደማ ስለሚያድግ፣ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሴንሰሩ ያለው ምድር ቤት ነውና ይህን አያይም፤ ለእሱ 3 ባር ሁልጊዜ 3 ባር ነው። ፓምፑ አልደከመም ማለት ነው፤ የታዘዘውን በትክክል እየሠራ ነው፣ ትእዛዙ ግን ለዚያ ሰዓት አነስተኛ ነው። ስለዚህ መጨመር ያለበት ሄርዙ ሳይሆን ሴትፖይንቱ፣ ማለትም ኢንቨርተሩ እንዲጠብቅ የሚታዘዘው ግፊት ነው። ሄርዙን እሱ ራሱ ያገኘዋል።

ስንት እንጨምር? በ46 ሄርዝ የፓምፑ ዝግ ግፊት (መውጫው ሲዘጋ የሚደርስበት)፣ 46 ለ50 ሲካፈል 0.92 ስለሆነ፣ 5.1 በ0.92 ካሬ ሲባዛ 4.3 ባር ይሆናል። ከዚያ 3.0 እየሰጠ ነበርና 1.3 ባሩ ፓምፑ በዚያ ፍሰት የሚያጣው ነው። በዚያው ፍሰት 3.6 ባር ለማግኘት ዝግ ግፊቱ 4.9 መሆን አለበት፤ ይህም ወደ 49 ሄርዝ ይወስደናል። ሻወሮቹ ሲበረቱ ፍሰቱም ጥቂት ስለሚጨምር 50 ላይ እንደርሳለን። ስለዚህ 3.6 ባር ለእርስዎ ፓምፕ ከ50 ሄርዝ ሳይወጣ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። 4 ባር ብለው ቢጽፉ ኢንቨርተሩ 50 ላይ ተጣብቆ የማይደርስበትን ሲያሳድድ ይቆያል፤ አራተኛ ፎቅም ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ዋልያ 50 — ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የማየው ቀላሉ መንገድ የላይኛውን የሄርዝ ገደብ 55 ማድረግ ነው። ለ20 ደቂቃ ብቻ እኮ ነው፤ ሞተሩ በ20 ደቂቃ ምን ይሆናል? እኔ የልብስ እጥበት ቤት ፓምፕ ላይ 55 አድርጌ ሁለት ዓመት ሠርቶልኛል።

የአዘዞ ድራይቭ — ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ወንድሜ፣ የእርስዎ ፓምፕ ሁለት ዓመት የሠራው ሞተሩ ከፓምፑ ፍላጎት በጣም የሚበልጥ ስለሆነ ይመስለኛል። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር የፓምፕ ፍሰት በ10 በመቶ፣ ግፊቱ በ21 በመቶ፣ የሚወስደው ኃይል ግን በ33 በመቶ ይጨምራል፤ ኃይል በፍጥነት ኪዩብ ስለሚሄድ ነው። ከ50 ወደ 55 ሄርዝ የሚወጣ ሰው ሞተሩ ላይ አንድ ሦስተኛ ሸክም ጨመረ ማለት ነው። ጠያቂያችን በ50 ሄርዝ 9.6 አምፔር ላይ ነው፤ ሰሌዳው 11 ይላል። ትርፉ 15 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ሌላም አለ። ኢንቨርተር ከሚገባው መስመር በላይ ቮልት መፍጠር አይችልም። መስመሩ 350 ሲሆን፣ 7.6 ቮልት ለእያንዳንዱ ሄርዝ የሚለው ሥርዓት 46 ሄርዝ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ፍጥነት ሁሉ በሳሳ መግነጢስ የሚገኝ ስለሆነ ሞተሩ ያንኑ ጉልበት ለመስጠት ብዙ አምፔር ይስባል። ምሽት ላይ 55 ሄርዝ ማለት ለዚህ ሞተር ሰሌዳው ከሚፈቅደው እጅግ የራቀ ነው። የኢንቨርተር የ«10 በመቶ ኦቨርሎድ» ፈቃድ ደግሞ ለፓምፕ ሥራ በተለመደው አመዳደብ በየ10 ደቂቃው ለ1 ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ 20 ደቂቃ ከዚያ ውስጥ አይገባም። የ30.14 የሄርዝ ጣሪያ 50 ላይ ይቆይ።

ፈሳሽ መካኒክስ — ታኅሣሥ 21፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ፓምፖችን የማስተምር ሰው ነኝ፤ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ጎንደር ላይ ለምንሠራ ሰዎች ሁሉ የሚመለከተውን የከፍታ ጉዳይ ነው፤ ካታሎግ ስናነብ ደጋግመን የምንዘለው እሱን ነውና።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የሞተርም የኢንቨርተርም የሰሌዳ ቁጥር የተጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኢንቨርተሮች በተለምዶ ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከአምፔራቸው 1 በመቶ ይቀነስባቸዋል። ለእኛ 11 በመቶ ገደማ ይሆናል። 12 አምፔር የሚል ኢንቨርተር እዚህ 10.7 አምፔር ያህል ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ሞተሩን በተመለከተ ነገሩ ይቀልላል፤ ሰሌዳው የተጻፈው ለ40 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ስለሆነ፣ የፓምፕ ክፍላችን ከ30 ዲግሪ በታች እስከቆየ ድረስ የደጋው ቅዝቃዜ የአየሩን መሳሳት በአብዛኛው ይክሰዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማየው ኢንቨርተሩ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ፣ ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ፣ ከማሞቂያ ቦይለር አጠገብ ተሰቅሎ ነው። ጠያቂያችን ቡስቱን ከማስገባታቸው በፊት ሳጥኑን ከፍተው የማቀዝቀዣውን ክንፍ ቢያጸዱ መልካም ነው።

ጉድጓድ — ታኅሣሥ 21፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ይህን ክር እየተከታተልኩ ነበር። እኔ ዘንድ ፓምፑ መሬት ላይ ተቀምጦ ከእጅ ጉድጓድ ውሃ ይስባል፤ ውሃው ከፓምፑ 6 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ያንኑ ቡስት ባስገባ ይሠራልኛል?

ፈሳሽ መካኒክስ — ታኅሣሥ 21፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ወንድሜ፣ በእርስዎ ሁኔታ አልመክርም። ፓምፕ ውሃን «አይጎትትም»፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠረፍ ያ ግፊት 10.3 ሜትር የውሃ ዓምድ ይሸከማል፤ በጎንደር ከፍታ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከ8 ሜትሩ 6ቱ ለጥልቀቱ ከዋለ፣ የቀረው 2 ሜትር የመሳቢያ ቧንቧውን ሰበቃና ፓምፑ ራሱ መግቢያው ላይ የሚፈልገውን ግፊት መሸፈን አለበት። ፍጥነት ሲጨምር ሁለቱም ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ውሃው ፓምፑ ውስጥ አረፋ ይፈጥርና ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ኢምፔለሩን፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ የሚበላው ያ ነው። ለእርስዎ የሚሻለው ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ፓምፕ ማስገባት፣ ወይም ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግ ነው።

የአዘዞ ድራይቭ — ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አሁን ወደ አሞላሉ እንግባ። በኤሲኤስ 580 የጊዜ ተግባራት ያሉት በ34ኛው ምድብ፣ የግፊት ቁጥጥሩ ያለው በ40ኛው ምድብ ነው፤ ሥራው ሁለቱን ማገናኘት ነው።

በ34.110 ተጨማሪ ጊዜው የትኛውን የጊዜ ተግባር እንደሚያነቃ ይመርጣሉ፤ የጊዜ ተግባር 1ን ይምረጡ። በ34.111 የሚያነቃውን ምልክት፣ ማለትም ቁልፉ የተገናኘበትን ዲጂታል መግቢያ ያስገባሉ። በ34.112 የሚቆይበትን ጊዜ ይጽፋሉ፤ አጻጻፉ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ ስለሆነ 20 ደቂቃ የሚጻፈው 00 00:20 ተብሎ ነው። ከዚያ በ40ኛው ምድብ፣ ውስጣዊ ሴትፖይንቶችን የሚመርጡት 40.19 እና 40.20 ናቸው፤ በ40.19 ላይ የጊዜ ተግባር 1ን አስገብተው፣ ተግባሩ ሲነቃ የሚመረጠው ሴትፖይንት 3.6፣ ሲያርፍ የሚመረጠው 3.0 እንዲሆን ያድርጉ። ከመጀመርዎ በፊት ያሉትን ፓራሜትሮች በሙሉ ፓነሉ ላይ ባክአፕ ያድርጉ፤ በወረቀትም ቢጽፏቸው አይከፋም።

ቁልፉ ዝቅተኛ ቮልት የሚሄድበት ስለሆነ የራሱ ሽልድ ያለው ገመድ ይኑረው እንጂ ከሞተሩ ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አይሂድ። የታንከሩን የውሃ ማነስ የሚያየው ተንሳፋፊ ስዊች ደግሞ ከቡስቱ በላይ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ቡስቱ ታንከሩን ቀድሞ ያደርቀዋልና፣ ውሃ ሲያልቅ ቁልፉ ቢጫንም ባይጫንም ፓምፑ መቆም አለበት።

ማራኪ ጥገና — ታኅሣሥ 25፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት

የተባልኩትን ሁሉ አደረግሁ፤ ሁለት ነገር ግን አላማረኝም። ጠዋት ሲጫኑት ግፊቱ በትክክል ወደ 3.6 ወጣ፣ አራተኛ ፎቅ 1.3 ባር አሳየ፤ ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን በ20 ደቂቃው አልተመለሰም። ማታም አልተመለሰ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወርጄ ሳየው ማንም ውሃ ሳይቀዳ 42 ሄርዝ ላይ እየዞረ ነው፣ የፓምፑ ገላም ሞቋል። በፊት ሌሊት ይተኛ ነበር።

ሁለተኛው፣ ራሴ መስመሩን ነቅዬ ወደ 3.0 ስመልሰው ግፊቱ ወዲያው ሞተ፤ ከ3.6 ወደ 2.5 ወርዶ ነው እንደገና የተነሣው። ያን ጊዜ ሻወር ላይ የነበረ እንግዳ ቢኖር ይቆጣ ነበር።

የአዘዞ ድራይቭ — ታኅሣሥ 25፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ቁልፉ ሲጫኑት ተጭኖ የሚቀር ነው ወይስ በስፕሪንግ የሚመለስ?

ማራኪ ጥገና — ታኅሣሥ 25፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል

ተጭኖ የሚቀር ነው። መቀበያው ጋ የነበረ የመብራት ማጥፊያ ነው የተጠቀምኩት።

የአዘዞ ድራይቭ — ታኅሣሥ 25፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ይህን በግልጽ መጻፍ ነበረብኝ። 34.112 ላይ ያለው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ምልክቱ ሲመጣ ሳይሆን ሲለቀቅ ነው። ማጥፊያው በርቶ እስካለ ድረስ ቆጠራው አልተጀመረም፤ ለዓመት ቢተዉት ለዓመት ቡስት ላይ ይቆያል። በስፕሪንግ የሚመለስ ፑሽ በተን ይግጠሙ፤ ሠራተኛዋ ተጭና ስትለቅቀው 20 ደቂቃው ከዚያ ይቆጠራል። የቁልፉ ስፕሪንግ ደክሞ ተጭኖ ከቀረም ያው ችግር ስለሚመለስ ጥራት ያለውን ይምረጡ።

ሌሊት ያለመተኛቱን ምክንያት ልንገርዎ፣ በሌላ ቦታም ይጠቅምዎታልና። የእንቅልፍ ደረጃዎ 40.43 ላይ 40 ሄርዝ መሰለኝ። ውሃ የሚቀዳ ሰው በሌለበት 3.0 ባርን ለመያዝ ፓምፕዎ 38.4 ሄርዝ ይበቃዋል፤ ከ40 በታች ስለሆነ ይተኛል። 3.6 ባርን ያለ ፍሰት ለመያዝ ግን 42 ሄርዝ ያስፈልገዋል፤ 40ን በጭራሽ አያይም፣ ስለዚህ አይተኛም። ያዩት 42 ከዚህ ስሌት ጋር ነጥብ በነጥብ ይገጥማል። ይህን አይተው ግን የእንቅልፍ ደረጃውን ወደ 43 እንዳያወጡት፤ ያን ጊዜ በ3.0 ባር አንድ ሰው ብቻ ሲታጠብ ፓምፑ 41 ወይም 42 ላይ ይሆንና እየታጠበ ሳለ ይተኛበታል። ቡስቱ በ20 ደቂቃ እስካበቃ ድረስ እንዳለ ይተዉት።

የግፊቱ መሞት ደግሞ እንዲህ ነው። ሴትፖይንቱ በአንድ ጊዜ ከ3.6 ወደ 3.0 ሲወርድ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከታዘዘው በላይ ይሆናል፤ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭም ይዞታል። ኢንቨርተሩ «ውሃ የሚፈልግ የለም» ብሎ ሄርዙን ዝቅ ያደርግና ይተኛል፤ የሚነቃውም ግፊቱ ከሴትፖይንቱ በ40.47 መጠን ሲወርድ ነው፣ የእርስዎ 0.5 ባር ስለሆነ 2.5 ላይ። ሦስት ነገር ያስተካክሉ። በ40.29 የሴትፖይንቱን የመውረጃ ጊዜ 90 ሰከንድ ያድርጉት፤ መውጫው 40.28 ደግሞ 15 ሰከንድ ቢሆን ቧንቧውን አያስደነግጠውም። በ40.44 የእንቅልፍ መዘግየቱን 60 ሰከንድ ያድርጉ። 40.47ን ወደ 0.3 ያውርዱ፤ 2.7 ላይ ይነቃል። የግፊት ጋን ካለዎት፣ ውስጡ ያለው አየር፣ ውሃው ባዶ ሆኖ ሲለካ፣ ከመንቂያው ግፊት 0.2 ባር ያህል ዝቅ ይበል።

ደብረ ታቦር መንገድ — ታኅሣሥ 26፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

እኔ ጋ ያለው የዳንፎስ ቪኤልቲ አኳ ነው። 22-45 ላይ ሴትፖይንት ቡስት፣ 22-46 ላይ የቡስት ከፍተኛ ጊዜ የሚሉ አሉ። የምትሉት እነሱ ናቸውን?

የአዘዞ ድራይቭ — ታኅሣሥ 26፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

አይደሉም፤ እነዚያ ሁለተኛው ዓይነት፣ ከእንቅልፍ በፊት የሚሠራው ናቸው። 22-45 ከሴትፖይንቱ ላይ በመቶኛ የሚጨመረው፣ 22-46 ደግሞ ያ ሙከራ ከስንት ሰከንድ በላይ እንዳይሄድ የሚገድበው ነው። በቁልፍ ለሚደረገው ቀላሉ መንገድ ሁለት ሴትፖይንት በዲጂታል መግቢያ ማስመረጥና፣ ከቁልፉ ኋላ ዘግይቶ የሚያጠፋ ታይመር ሪሌይ መግጠም ነው። ይህ መንገድ ሁለት ሴትፖይንት ወይም ሁለት ቋሚ ፍጥነት በሚቀበል በማንኛውም ርካሽ ኢንቨርተርም ላይ ይሠራል። ታይመሩ ልክ እንደ 34.112 ከተለቀቀ በኋላ የሚቆጥር ነው ወይስ ከተጫነ ጀምሮ የሚለውን ግን ሲገዙ ይጠይቁ፤ ከተጫነ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆጥረው ቁልፉ ቢጣበቅም ራሱን ያጠፋልና እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ማራኪ ጥገና — ጥር 5፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ፑሽ በተኑ ተገጠመ፤ ተጭነው ሲለቅቁት በ20 ደቂቃው በትክክል ይመለሳል። መውረዱም አሁን አይታወቅም፤ ጌጁ ላይ ዓይኔን ተክዬ ካላየሁ በስተቀር ከ2.9 በታች አልሄደም። ለጥምቀት ሰሞን ሠራተኛዋ ቁልፉን እንዳትረሳው ብዬ በ34.11 ሰዓት ቆጣሪ 1ን ለሁሉም ቀን ከፍቼ፣ በ34.12 መነሻውን 12:00፣ በ34.13 ርዝመቱን 2 ሰዓት አደረግሁና ከጊዜ ተግባር 1 ጋር በ34.100 አገናኘሁት። ጠዋት አልነሣም። ቀን 6 ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው ተነሣ።

ፈሳሽ መካኒክስ — ጥር 5፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

ኢንቨርተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ለእሱ 06:00 ነው፤ 12:00 ያሉት የእኛን ቀን 6 ሰዓት ነው። 34.12ን 06:00 ያድርጉት። የፓነሉም ሰዓት በትክክል መሞላቱን ይመልከቱ። ተማሪዎቼም በፋብሪካ ልምምድ ላይ በዚሁ ይሳሳታሉ፤ የሰዓት ፓራሜትር ሲሞሉ ጎኑ ላይ በእርሳስ ሁለቱንም አቆጣጠር እንዲጽፉ አዝዣቸዋለሁ።

ማራኪ ጥገና — ጥር 14፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ከጥር 10 እስከ 12 ክፍሎቹ ሁሉ ሞልተው ነበር፤ ከጥምቀተ ባሕሩ ታቦት ሸኝተው የተመለሱ እንግዶችም ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻወር ገቡ። ቡስቱ በየጠዋቱ በ06:00 ይነሣል፤ በቀን ደግሞ ሠራተኛዋ በቁልፉ አራት ጊዜ ተጠቅማለች። አራተኛ ፎቅ ከ1.2 ባር በታች አልወረደም። ከፍተኛው አምፔር ጥር 11 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 9.7 ነበር፣ ሄርዙም 50 ላይ። ኢንቨርተሩ አንድም ጊዜ አልቆመም።

ያልጠበቅሁት አንድ ነገር ብቻ ገጠመኝ፤ ጥር 12 ማታ ታንከሩ አልቆ ተንሳፋፊው ፓምፑን አቆመው። ቡስቱ ላይ ሳለ ነው የቆመው፤ የአዘዞ ድራይቭ እንዳሉት ተንሳፋፊውን ከቡስቱ በላይ ባላደርገው ኖሮ ደረቁን ይዞር ነበር። አሁን ሁለተኛ 10,000 ሊትር ታንከር ከጎኑ ለማስቀመጥ ቦታውን እየለካሁ ነው፤ መሠረቱ ላይ የሚያርፈውን 10 ቶን ያህል ክብደት የሚችል ወለል መሆኑን የምጠይቀው ሰው ካለ በሌላ ክር እንገናኝ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።